«ሆድ ይፍጀው» ይብቃን
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ቤታቸው ገቡ። እኛ እናቶች ያን ጊዜ ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ ልጆቹ አልተጠያየቅንም።

ከመካከላችን የአንዷ ልጅ በዚያን ዓመት 11ኛ ክፍል ነበረች። ታላቅ ወንድሟ መውደቁን ካየች ወዲህ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ቡና ላይ ተሰብስበን አንዳችን «ስንፍና ነው»፣ ሌላችን «ዓይን ነው» አልን። እናቷም ሰው እንዳይሰማ ብላ በሆዷ ያዘችው። ይህን የምንናገረው እሷም ልጇም ፈቅደውልን ነው።

አንድ ቀን መምህሯ በደብተሯ ጀርባ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ጽሑፍ አየች። አልተቆጣችም፤ ለሌላ ተማሪም አላወራችም። ለብቻዋ ጠርታ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። ልጅቷ አልቅሳ ሁሉንም ነገረቻት። መምህሯም እናቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻዋን አልተወቻትም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል ሄዱ። ጠበሉንም አልተዉም፣ መድኃኒቱንም አላቋረጡም። ዛሬ ልጅቷ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ለካ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ልጅ ላይ አያመጣም፤ ሸክሙን ያቀልላል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 18 ዓመት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ልጅ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ትምህርት ሲያስጠላው፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ሲያድል ዝም አንበል። መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ እናርቅ፤ ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም እንውሰደው።

እህቶቻችን፣ ከየወሩ መዋጯችን ጥቂት ለይተን ለሕክምና መመላለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ እናስቀምጥ። አንዳንዷ እናት የምትቀረው በታክሲ ሒሳብ ነውና።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ገብቶ የሚናገርባት፣ በሯ የሚዘጋ አንዲት ክፍል፣ ለመምህራኑም ሥልጠና ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። እኛ ደብቀን አይተነዋል። ከእንግዲህ እንጠይቅ፣ እንስማ።