ስለ ዶሮ ቀለምና ስለ አውራ ዶሮ ምርጫ

(በሁሩታ በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዶሮ ምን ያነጋግራል የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን በዶሮ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ቡና መጠራራት ካቆሙ ሰነበቱ፤ ስለዚህ ያነጋግራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛዋ የቀይ ዶሮዋን እንቁላል ለጎረቤቷ ዶሮ አስታቀፈች። በ21 ቀን ተፈለፈሉ። ላባ ሲያወጡ ጊዜ ሁለቱ ነጭ ሆኑ። «እንቁላሌን ለወጠችብኝ» ተባለ።

እኛ የምንለው፣ እንቁላል ሳይለወጥም ይህ ይሆናል ነው። ነጭነት ተደብቆ የሚወርድበት ዓይነት አለ። አውራውም ዶሮዋም ቀይ ሆነው ነጩን በውስጣቸው ከያዙ፣ በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ነጭ ይሆናል። የፈረንጁ ሌግሆርን ነጭነት ደግሞ ሌላ ነው። እሱ አሸናፊ ነው፤ ከቀይ ሲዳቀል ጫጩቶቹ ባብዛኛው ነጭ ይወጣሉ። እንግዲህ ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም ዶሮ ከአንድ አውራ ጋር ከተገናኘች በኋላ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የሱን ጫጩት ልትወልድ ትችላለች። ዘሩን ለይቶ ማወቅ የፈለገ ሦስት ሳምንት ከሌላ አውራ ያርቃት። አለበለዚያ ሰው አይክሰስ።

ስማቸውን ልጆቻችን እየረሱ ነውና እናስታውስ። ገብስማ የገብስ መልክ ያለው ነው፤ ይህን ለአርሲ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቆቅማ ቆቅ የሚመስለው፣ ዝግርማ በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው እንደ ጅግራ፣ ወሰራ ደግሞ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ነው።

ከቀለም ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ለፋሲካ ነጋዴ ሲመጣ ቀዩንና ትልቁን፣ ድርብ ኩክኔ ያለውን አውራ እንሸጣለን። ከዶሮዎቻችን ጋር የሚቀረው ማን ነው? ገዢ ያጣው ኮሳሳው ነዋ! እሱም ከገዛ ልጆቹ ጋር ይዳቀላል። ታዲያ ዶሮው አነሰ፣ እንቁላሉ ጠፋ ብንል ማን ይሰማናል? የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ ከውጭ ዘር ሳይቀላቅል፣ ደህና ደህናውን ለዘር እያስቀረ ብቻ ሰውነቱንም እንቁላሉንም ጨምሮታል።

ስለዚህ ማኅበራችን የወሰነው ይህ ነው። ከየአምስቱ ቤት አንድ ጥሩ አውራ ከበዓል ገበያ ይቀራል፤ ለአሥር ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ባለቤቱም እንዳይጎዳ ሌሎቹ አራት ቤቶች ጥሬ ያዋጡለታል። በየዓመቱ ደግሞ አውራ እንለዋወጣለን። ፈንግል የገባበት ቤት ግን ከመለዋወጡ ይቆይ።

ለመመዝገብ እሑድ ጧት ከጸሐፊው ዘንድ ብቅ በሉ። ሁለቱ እናቶችም አብረው ቢመጡ ቡናው ከኛ ነው።