ስለ አልቢኒዝምና ስለ መምህር ግዴታ



የሰው አካል የተመገበውን በየደረጃው እየለወጠ ሥጋ፥ ኃይልና ቀለም ያደርጋል። ከዚህ ሥራ አንዱ ደረጃ በዘር ውርስ የተጓደለ እንደ ሆነ ሕፃኑ ጉድለቱን ይዞ ይወለዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በለንደን ባሰማው ንግግር ስለ እንደነዚህ ያሉ ጉድለቶች ሲያስረዳ ከምሳሌዎቹ አንዱ አልቢኒዝም ነበረ። ከነዚህ ሕመሞች የሚበዙት ያለ ላቦራቶሪ አይታወቁም፤ አልቢኒዝም ግን በሁሉ ዘንድ እየታየ ከትምህርት ቤት ደጅ ይደርሳልና የመምህር ጉዳይ ነው።

አካል ታይሮሲን ከተባለው ንጥረ ነገር ሜላኒን የሚባለውን ቀለም ይሠራል። ይህ ቀለም ቆዳን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ዓይንም በማሕፀን ሳለ በሚገባ እንዲሠራ ያስፈልጋል። ቀለሙ ያነሰው ልጅ ቆዳው ፈጥኖ ይቃጠላል፤ ዓይኑ ብርሃን ይፈራል፥ ይርገበገባል፥ ሩቁንም አጥርቶ አያይም፤ መነጽር ቢረዳውም ፈጽሞ አያቃናለትም። የማሰብ ችሎታው ግን ከጓደኞቹ አያንስም። ጉድለቱን ብዙውን ጊዜ የሚወርሰው ከሁለቱም ወላጆች ነው፤ ሁለቱ ራሳቸው ምልክት ሳይታይባቸው የተሸከሙት ሲሆኑ፥ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ እንዲህ ሆኖ የመወለዱ ዕድል ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ እናቲቱን መጠርጠርም ሆነ እርግማን ነው ማለት ከንቱ ነው።

ለዚህ ነገር ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ዋና ከተማዋ ናይሮቢ ለምድር ወገብ የቀረበች፥ ከባሕር ወለልም ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ፀሐይዋ ለእንዲህ ያለው ልጅ ብርቱ ጠላት ናት። በ2019 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ አልቢኒዝም ያለባቸው 9,729 ሰዎች ተቆጥረዋል። መንግሥቱም ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ያለ ዋጋ እንዲታደል አድርጓል።

ነገር ግን ቅባቱ ቆዳን ቢጠብቅ ጥቁር ሰሌዳውን አያቀርብም። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የተጻፈውን ማየት ሲሳነው ሰነፍ ይባላል፤ ሰነፍ የተባለውም ተስፋ ቆርጦ ትምህርቱን ይተዋል። ያልተማረ ሰው የሚያገኘው ሥራ ብዙውን ጊዜ እርሻ፥ ሸክም ወይም የመንገድ ዳር ንግድ ነው፤ ይህም ሁሉ ከፀሐይ በታች ነው፤ ፀሐይም የቆዳ ካንሰር ታመጣበታለች። እንግዲህ የመቀመጫው ነገር ቀላል ቢመስልም መጨረሻው የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መላክ ይበጃል ይላሉ። ነገር ግን ፊደልን በዓይኑ ማንበብ የሚችለውን ልጅ በጣቱ ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ያለውን መንሳት ነው። መምህሩ ከፊት፥ ከመስኮት ጨረር ርቆ ያስቀምጠው፤ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ መጽሐፉን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ አይገሥጸው፤ በፈተና ጊዜ ደመቅና ተለቅ ያለ ጽሕፈትና ተጨማሪ ሰዓት ይስጠው። የትምህርት ቤቱ ሹምም በክፍል ውስጥ ባርኔጣን፥ በሜዳም ረጅም እጅጌን ይፍቀድለት።

ወይዘሮ ሙምቢ ንጉጊ አልቢኒዝም ያለባቸው ሴት ናቸው። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ2011 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፥ በ2021ም የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። የአገራችንም ደጋ እንደ ናይሮቢ ለፀሐይ የቀረበ ነው፤ በዘንድሮው የተማሪዎች ምዝገባ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያው መቀመጫ ይጠብቀው።