ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ

እንጀራዬ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በእናቴ ቤት ስለተሳሳትኩት ነው።

እናቴ «ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም» ባለችኝ ቁጥር በምጣዱ እያሳበብኩ ሁለት ጊዜ አዲስ አስገዛሁ። ባለፈው ስሄድ ግን ርቀቱን ለካሁ። ቆጣሪው አጥር በሩ ላይ ነው፤ ማዕድ ቤቱ ጓሮ፣ 80 ሜትር ርቆ። የተዘረጋው 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 80ው ሜትር 160 ይሆናል። ይህን በ0.0175 አባዝታችሁ ለ2.5 ስታካፍሉ 1.12 ኦም ይመጣል። የ3,300 ዋት ምጣድ 15 አምፔር ይስባል፤ 15 በ1.12 ሲባዛ ወደ 17 ቮልት ነው። ከ220ው ይህ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሙቀቱም ከመቶ 14 ወይም 15 እጅ ይቀንሳል። ማታ መሥመሩ ራሱ ሲደክምማ አትጠይቁኝ! 6 ካሬ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 7 ቮልት ብቻ ነበር።

ሽቦውን የዘረጋውን ልጅ አልወቅስም። 2.5 ካሬ 15 አምፔር ያለችግር ይሸከማል፤ ያልታሰበው ርቀቱ ነው።

አሁን ለጤና ኬላችን በቀረበው የዋጋ ዝርዝር ላይም «ሽቦ 2.5» ብቻ ተጽፎ አይቻለሁ። አገር ቤት ያላችሁ ኮሚቴዎች፣ ከቆጣሪው እስከ ክትባት ማቀዝቀዣው ስንት ሜትር እንደሆነ ለክታችሁ ላኩልኝ። ሽቦው ሳይገዛ አሰላዋለሁ።