የቆየ ገበያና የታደሰ ምድጃ



የዛሬው ንግግሬ በቆየ የሕዝብ ገበያ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የምግብ መሸጫ በሚታደስበት ጊዜ ምን ሊለወጥ፥ ምንስ ሊጠበቅ እንደሚገባው ነው። ጉዳዩ ለአናጢና ለግንበኛ ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ፈቃዱን የሚጽፈው፥ ኪራዩን የሚወስነውና ጽዳቱን የሚመረምረው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለ ሆነ፥ እኛንም በቀጥታ ይመለከተናል። ለምሳሌ የመረጥኩትም በአሜሪካ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ የሚገኘውን የፓይክ ፕሌስ ገበያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ገበያ የተከፈተው ኦገስት 17 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የሽንኩርት ዋጋ እጅግ ንሮ፥ ትርፉም በገበሬውና በሸማቹ መካከል በቆሙት ነጋዴዎች እጅ ይቀር ስለ ነበር፥ ቶማስ ሬቬል የተባሉት የከተማው ምክር ቤት አባል ገበሬው ያመረተውን በቀጥታ ለሕዝብ የሚሸጥበት ቦታ እንዲኖረው አደረጉ። በ1942 ዓ.ም. ግን በጦርነቱ ምክንያት የጃፓን ተወላጆች የሆኑት ገበሬዎች በመንግሥት ትእዛዝ ከአካባቢው ሲጋዙ፥ ብዙ መደቦች ባዶ ቀሩ። ሕንጻውም እያረጀ ሄዶ፥ በ1960ዎቹ ዓመታት ገበያው ፈርሶ በምትኩ ሆቴል፥ ቢሮና የመኪና ማቆሚያ እንዲሠራ ታቀደ።

ይህን ዕቅድ ቪክቶር ስታይንብሩክ የተባሉት የሥነ ሕንጻ መምህር ከወዳጆቻቸው ጋር ተቃወሙት። ነገሩም ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፥ ኖቬምበር 2 ቀን 1971 ዓ.ም. 3 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ቦታ በሕግ እንዲጠበቅ ተወሰነ። የሕጉ ብልኀት ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን፥ በግድግዳው ውስጥ የሚሠራውንም ሥራ መጠበቁ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ የሱቁን መልክ ወይም ሰሌዳውን ለመለወጥ፥ ወይም ዓሣ ይሸጥበት የነበረውን ቦታ ለሌላ ንግድ ለማዋል ቢፈልግ፥ አስቀድሞ ዕቅዱን ለገበያው የታሪክ ጉባኤ አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ አንድ ሾርባ ሻጭ ቤቱን ያድሳል እንበል። ሥራው የሚጀመረው ዓይን ከማያየው ነው። በመጀመሪያ የቆሻሻ ውሃ መውረጃው ይመረመራል፤ ስብ ከውሃው ጋር ወርዶ ሲረጋ ቧንቧውን ይደፍነዋልና፥ ስቡን አስቀድሞ የሚያስቀር ማጣሪያ ይገባለታል። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ መስመር ይታያል፤ ለጥቂት አምፖል የተዘረጋ ሽቦ ማቀዝቀዣና ምድጃ አይሸከምምና። ከዚያም የጢስ መሳቢያው፥ ከዕቃ ማጠቢያው የተለየ የእጅ መታጠቢያውም ይከተላል። በዚያ ግዛት ደንብ መሠረት በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ፥ በሙቀት የሚቀመጠውም ከ57 እንዳያንስ ታዟል። ምግብ የሚከተፍበት አሮጌ ሳንቃ ተሰነጣጥቆ እድፍ የሚይዝ ከሆነም በማይዝግ ብረት ይተካል። ታሪክ ለበሽታ መደበቂያ ሊሆን አይገባውምና።

ነገር ግን ከመተላለፊያው ፊት ለፊት ያለው ክፍት መስኮት፥ ገዢውና ምግብ ሠሪው ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት ባንኮኒ፥ እነዚህ ለጤና ምንም የማይጎዱ ናቸውና በቦታቸው ይቆያሉ። ገበያውን ገበያ የሚያሰኙት እነርሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወጪው ነገር ነው። የሕንጻው ዋና ቧንቧ፥ ዋና የመብራት መስመርና የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያው በየሻጩ ኪራይ ላይ ቢጫን፥ ሕንጻው ታድሶ ነጋዴው ይባረራል። የሲያትል ሕዝብ ይህን ተመልክቶ፥ ኖቬምበር 2008 ዓ.ም. ለገበያው እድሳት 73 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ግብር በራሱ ላይ በድምፁ ጣለ። የጋራ የሆነው በጋራ ተከፈለ ማለት ነው።

አድማጮቼ፤ «ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። እኛ ደመወዝተኞች መሥሪያ ቤታችን ቀለም ሲቀባ እንኳ ወሩ ሲሞላ ደመወዛችንን እንቀበላለን። ምግብ ሻጭ ግን ድስቱ ባልተጣደበት ቀን ለልጆቹ የሚያበላው የለውም። ስለዚህ ሻጭን «ለእድሳት ዝጋ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም፥ በዚያው ደብዳቤ ላይ የሚመለስበትን ቀን፥ የሚመለስበትን ቦታና የሚከፍለውን ኪራይ አብሮ መጻፍ ይገባዋል። ይህ ያልተጻፈበት ደብዳቤ የእድሳት ሳይሆን የስንብት ደብዳቤ ነው።