ሳይቃጠል በቅጠል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን አንነጋገርም። ከመካከላችን ለካንሰር ሕክምና ሆስፒታል የሚመላለሱ አሉ። እኛም በየተራ ስናስታምም ያየነውንና ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ለሁላችሁ ማሰማት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፓክሊታክሴል ይባላል። መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጥ ሲሆን በአሜሪካ አገር እንዲሰጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መድኃኒቱ በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ተበጥብጦ በደም ሥር ይንጠባጠባል። ታዲያ ይኸው ማሟሚያ የአንዳንዱን ሰው ሰውነት ያስቆጣል። ሰውነት ሲቆጣ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቃል። ያን ጊዜ ፊት ይቀላል፣ ገላ ያሳክካል፣ ደረት ይጨንቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሕክምና፣ መንጠባጠብ በጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሲበረታ ሕይወት ያጠፋል።

መከላከያው ቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በተለመደው አሰጣጥ ዴክሳሜታሶን የሚባለው ክኒን ሕክምናው ሊጀመር 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ሲቀረው እቤት ይዋጣል። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው፣ ሂስታሚንን የሚያግደው ዳይፈንሃይድራሚን በመርፌ ይሰጣል። እንደ ፋሞቲዲን ያለ የጨጓራ መድኃኒትም ይጨመራል፤ እሱም ሂስታሚንን በሌላ በር ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ክኒኑ ለካንሰሩ አይደል፤ ባይዋጥስ ምን ይላል?» የሚል ወሬ በሰፈራችን ይሰማል። ሌላው ረስቶ ሳይውጥ ይሄድና ተራዬ እንዳያልፍ ብሎ ለነርሷ «ውጫለሁ» ይላል። ወገኖቼ፣ ተራ ቢያልፍ ሌላ ቀን አለ። ነፍስ ግን ሌላ የላትም። ደግሞም ቢነገራቸው ሐኪሞቹ የሚሉት አያጡም።

ስለሆነም አስታማሚ ሆኖ የሚሄድ ሁሉ የሚከተለውን ያስታውስ፦

1ኛ/ ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን በሰዓቱ መዋጡን ማታውኑ ይጠይቅ፤ ካልተዋጠ ሳይደብቅ ይናገር።

2ኛ/ በሽተኛው ስኳር ካለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ያሳውቅ፤ ዴክሳሜታሶን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋልና።

3ኛ/ መርፌው እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። በሽተኛው ቢያሸልብ የሚሰማውን ላይናገር ይችላል። ስለዚህ መንጠባጠቡ ሲጀመር ከአጠገቡ አይነሣ። ቅድመ መድኃኒቱን የወሰደም ቢሆን አንዳንዱን ይነካዋልና፣ ለውጥ ካየ ወዲያው ነርስ ይጥራ።

4ኛ/ ሲያልቅ በሽተኛውን ብቻውን አይሸኝ፤ እቤቱ ያድርስ።

በሽተኛ ያለበት ቤት አስታማሚ ቢያጣ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይንገር፤ ሰው እንመድባለን። ለቀብር ከምንወጣው ይልቅ ለማዳን ብንወጣ ይሻለናል።

ለሕሙማኖቻችን ምሕረት ይላክልን።