ስለ ባለ ዐሥራ ሁለት ክር ጊታር አወጣጠርና አያያዝ

(በጋምቤላ ለተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)




ክበባችን ያላት ባለ ዐሥራ ሁለት ክር ጊታር አንዲት ብቻ ናት። ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ከምትበላሽ በሣጥኗ ተቆልፋ ትቀመጥ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሥጋታቸው ይገባናል፤ በሐሳባቸው ግን አንስማማም። በዚህ አገር ሙቀት ክሮቿ እንደተወጠሩ የተቆለፈባት ጊታር ማንም ሳይነካት ትበላሻለች። ስለዚህ አወጣጠሯንና አያያዟን ሁላችንም ብናውቅ ይሻላል እንላለን።

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት። የዚህች ጊታር ክሮች ዐሥራ ሁለት ቢሆኑም የተሰለፉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጣታችን የሚያገኘው ስድስት ጥንድ ነው። ከወፍራሞቹ ጀምሮ በአራቱ ጥንዶች አንደኛው ክር ከጓደኛው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይቃኛል። የቀሩት ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች እኩል ድምፅ አላቸው። አንድ ሰው ሲመታት ሁለት ሰው የመታት የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እዚህ ግን ያበሩት ክሮች የሚታገሉት ከገዛ ሣጥናቸው ጋራ ነው። ቀጫጭኖቹን ክሮች መርጠን እንኳ ሙሉ ቅኝት ብናስገባቸው፣ በድምሩ ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ብርኩማውን ይስባሉ። ስስ በሆነው የሣጥኑ ክዳን ላይ አንድ ኩንታል እህል ተንጠልጥሎ ሌሊትና ቀን ሲያድር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን አየር እንምጣ። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ላይ በባሮ ዳር ያለች ቆላ ናት። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክዳኑ ይነሣል፤ ክሮቹም ከጣት ይርቃሉ። በበጋ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ሲበረታ ብርኩማውን የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቅኝት እንዳለ ከመቀበላችን በፊት ይህን ማሰብ ይገባናል።

እንግዲህ የምንመክረው ቅኝቱን በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ የነበረው ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ሬ ይሁን። በዚህ ብቻ ጭነቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከሌሎች መሣሪያዎች ጋራ መጫወት ሲያስፈልግ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ማሰር ይበቃል። ይህም ነውር አይደለም፤ በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያረፈው የአሜሪካው ጥቁር ዘፋኝ ሊድ ቤሊ ባለ ዐሥራ ሁለት ክር ጊታሩን ከዚህም ዝቅ አድርጎ በመቃኘት የታወቀ ነው።

ክር ስትለውጡ ዐሥራ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አትፍቱ፤ አንገቱ የለመደው ጭነት እንዳይናጋ ጥንድ በጥንድ ለውጡ። በመቃኛው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። በመጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ ካስገባችሁ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ቅኝቱ አውጡ። በሦስተኛው ጥንድ ያለውን ቀጭን ሶል በተለይ ተጠንቀቁ፤ ከሁሉ የቀጠነ ስለሆነ አስቀድሞ የሚበጠስ እርሱ ነው። ፊትን ከላዩ ዞር ማድረግ ይበጃል።

ከዚያ በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለኩ። ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊሜትር ከሆነ መልካም ነው። ከፍ ካለ ብርኩማውን ከመሞረድ በፊት አንገቱ ጎብጦ እንደሆነ ተመልከቱ። አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ቢያስፈልግም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞር። ክሩ ቢንዛዛ ምክንያቱን ፈልጉ፤ በገና እንዲንዛዛ እንዚራ ይደረግለታል፤ በጊታር ግን መንዛዛት የሕመም ምልክት ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ለዕረፍት ስንበተን ደግሞ ክሮቹ ላልተው ይቀመጡ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። አኙዋዎች በአውራ ጣት የሚመቱትን ቶም ተመልከቱ። ምላሶቹ ሲያጥሩ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲረዝሙ ይወፍራል። ተጫዋቹ ምላሱን ገፋ ወይም ሳብ አድርጎ ራሱ ይቃኘዋል። ጣቱ መጫወትንም መጠገንንም ያውቃል። እኛም ከጊታሯ ጋራ እንዲሁ ብንሆን ምን ይከለክለናል?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጊታሯ አትቆለፍ። በየሳምንቱ ሁለት አባሎች በተራ ይረከቧት፤ ቅኝቷንና የክሯን ከፍታ በደብተር ይጻፉ። ዓመቱ ሲያልቅ የክረምቱንና የበጋውን ለውጥ የሚያሳይ የገዛ ራሳችን መጽሐፍ ይኖረናል። ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ጊታሯን ከነአያያዟ ይረከባሉ።