መስመሩ የሳተ ንቅሳት

ከጊንጪ እስከ ጌዶ፣ ከአምቦ እስከ ባኮ፣ በየቤታችሁና በየሱቃችሁ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ንቅሳት ነው። መስመሩ የሳተ፣ ቀለሙ የተበተነ፣ ወይም ባለቤቱን ያልተመቸ ንቅሳት ምን ይደረግ? ይዘነው እንኑር? እናሳድሰው? ወይስ እናስጠፋው? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ለብቻው ይጠይቃል። ዛሬ አብረን እንጠይቀው።

በአምቦም ሆነ በጉደር በገበያ ቀን ወጣ ያለ ሰው ጉዳዩን በዓይኑ ያየዋል። ቅቤና አይብ ይዘው የተቀመጡ፣ አዴ እያልን በአክብሮት የምንጠራቸው እናቶች ነጠላቸው ሸርተት ሲል ከአንገታቸው ዙሪያ በድሪ ቅርጽ የተደረደረ ንቅሳት ብቅ ይላል። አንዳንዶቹ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አገጫቸው ላይ ነጠብጣብ አላቸው። ሲስቁ ድዳቸው በውቅራት ጠቁሮ ጥርሳቸውን አንጥቶ ያሳያል። በሸዋ ብቻም አይደለም፤ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በትግራይ ይህ ጌጥ ለብዙ ትውልድ የሴት ልጅ መዋቢያ ሆኖ ኖሯል። ዘፋኞቻችንም የተነቀሰ አንገትና የተወቀረ ድድ ሲያወድሱ እየሰማን አድገናል።

በዚያው ገበያ ዳር የሚያልፈው ወጣት ደግሞ ክንዱ ላይ የእናቱን ወይም የፍቅረኛውን ስም፣ መስቀል፣ የኦዳ ዛፍ ወይም አንበሳ አስነቅሷል። ነቃሹ፣ መሣሪያውና ምክንያቱ ከእናቶቹ ይለያል። ቆዳው ግን ያው የሰው ቆዳ ነው፤ የንቅሳት ሙያ የሚለካውም በቆዳው ላይ ነው።

እስቲ ሙያውን እንመዝነው። የባህል ነቃሽ መሣሪያዋ ጥቂት ነው፦ አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ወይም እሾህ፣ የኩራዝ ጥላሸት፣ ጥላሸቱን የሚያርስ የቅጠል ጭማቂ። በዚህ ብቻ የሰው ፊት ላይ የማይፋቅ ሥዕል ትሠራለች። ዋናው ችሎታ ሥዕሉ ላይ ነው ብለን እናስብ ይሆናል፤ ከባዱ ግን ጥልቀቱን ማወቅ ነው። የላይኛው ቆዳችን በወር ገደማ ይታደሳል፤ ቀለሙ እዚያ ከቀረ ከቆዳው ጋር ይረግፋል። መርፌው ከልኩ አልፎ ከቆዳ በታች ወዳለው ስብ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ይፈስሳል፣ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ዙሪያው ሰማያዊ ጥላ ይለብሳል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ንብርብር ነው። የአንገት ቆዳ ስስ ነው፤ ድድ ደግሞ እርጥብና ደም የሚያፈስ ነው። እጇ ያልተፈተነ ነቃሽ የምትሳሳተው እዚህ ነው።

ልኩን ያገኘው ጥላሸት ዕድሜ ልክ የሚቆይበት ምክንያት ያስደንቃል። ባዕድ ነገር የሚውጡ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ጥላሸቱን ይውጡታል፤ ሊያጠፉት ግን አቅም የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የዋጠው ሴል ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፣ በምትኩ የሚመጣው ሴል ደግሞ እንደገና ይውጠዋል። ንቅሳት በቅብብል ይኖራል ማለት ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር መስመሩ እየሰፋ፣ ጠርዙ እየላላ ይሄዳል። ጥቁሩ ጥላሸት ከቆዳ ሥር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስሎ መታየቱም የነቃሿ ጥፋት አይደለም፤ ብርሃን በቆዳችን ውስጥ ሲያልፍ የሚበተነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ንቅሳት የሚመዘነው በተነቀሰበት ሳምንት ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ የእናቶቻችን ነቃሾች ከፍ ያለ ምስጋና ይገባቸዋል። መስመሮቻቸው ወፈር ያሉ ናቸው፤ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። መስመሩ ሲሰፋ ክፍት ቦታው ይቀበለዋል፤ ቅርጹም ሳይጠፋ ከተነቀሰችው ሴት ጋር ያረጃል። ዛሬ በደቃቃ ፊደል ተጠጋግቶ የሚጻፍ ስም ግን ለዚህ መስፋት ቦታ አልተወም። ውሎ አድሮ «ለ» ከ«ሰ» አይለይም። ለመነቀስ የምታስቡ ወጣቶች ከአያቶቻችሁ አንገት የምትማሩት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ጥቂት መስመር፣ ሰፊ ክፍተት።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ጉድለት ያለበት ንቅሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መድኃኒቱም የሚለየው ምንጩን በመለየት ነው። የመጀመሪያው የእጅ ጉድለት ነው። መስመሩ ተጣሟል፣ ቀለሙ አንድ ቦታ ይዞ ሌላ ቦታ ሳይይዝ ቀርቷል፣ ስሙ በፊደል ስሕተት ተጽፏል።

ሁለተኛው ሰውነት ሲለወጥ የሚመጣ ጉድለት ነው። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ቆዳው ይሸበሸባል። በደጋማው አገራችን ደግሞ ከሁሉም የጎላው ምሳሌ እንቅርት ነው። በብዙ ቦታ አንገት የሚነቀሰው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከለክላል፣ ያበጠውንም ይመልሳል ተብሎ ነበር። ሕመምን በመርፌና በጥላሸት ማከም የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው 61 የንቅሳት ምልክቶች አሉት። ብዙዎቹ ያሉት በወገቡ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ስለሆነ ለሕክምና የተነቀሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። የእንቅርት ዋናው ምክንያት ግን የአዮዲን እጥረት ነው፤ መከላከያውም አዮዲን የገባበት ጨው ነው። ንቅሳቱ እብጠቱን ስለማያቆመው እብጠቱ ሲያድግ መስመሩም አብሮ ይለጠጣል፣ ይዛባል። እንዲህ ያለ ንቅሳት ያላችሁ እናቶች፣ ከመስመሩ በፊት እንቅርቱን ለሐኪም አሳዩ።

ሦስተኛው በሥዕሉም በሰውነትም ላይ የለም። ንቅሳቱ ያማረ ነው፤ ዘመኑ ወይም ልብ ተለውጧል። ፍቅረኛሞቹ ተለያይተዋል። ልጅቷ ከገጠር ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ጓደኞቿ ግንባሯን ትኩር ብለው አዩባት። ይኸኛው ጉድለት ከሁሉም ይልቅ ያማል፤ ስለዚህ ለብቻው ልናየው ይገባል።

የዚህ ዓይነቱን ሕመም በትልቁ ያየነው ከአገር በወጡ ወገኖቻችን ላይ ነው። የአይሁድ እምነት ተከታዮቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ተጓጉዘዋል። ከሴቶቹ መካከል በልጅነታቸው ግንባራቸውን፣ አገጫቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱ ነበሩ፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እኩል አጊጠው የመስቀል ቅርጽ የያዙም ይገኙባቸዋል። አገር ቤት ጌጥ የነበረው በአዲሱ አገር የጥያቄ ምንጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት የእስራኤል ሐኪሞች በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ 400 ያህል ኢትዮጵያውያን በሌዘር ንቅሳታቸውን ማስጠፋታቸውን ይተርካል። በአብዛኞቹ ላይ ከ3 እስከ 6 ዙር ሕክምና በኋላ ንቅሳቱ ጠፍቷል ወይም እጅግ ደብዝዟል። በብዙዎች ላይ ቆዳው ለጊዜው ጠቁሮ ነበር፤ ዘላቂ ጠባሳ ግን ብዙም አልታየም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። የጥላሸት ንቅሳት በጥቁር ቆዳ ላይ እንኳ ሊጠፋ እንደሚችል በእኛው ሰዎች ገላ ተመስክሯል። የሌዘሩ አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ሐሳብ ነው፤ ለአንድ ቀለም የተመረጠ ብርሃን እጅግ አጭር በሆነ ቅጽበት ቢተኮስ ቀለሙን ሰብሮ ዙሪያውን ሊተው ይችላል። የተሰባበረውን ቀለም ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያወጣዋል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ የቆዳችንን የራሱን ቀለምም እምብዛም አይነካም። ወደ ሌዘር ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፦ መሣሪያው ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ነው ወይ? የሚሠራውስ ሐኪም ነው ወይ? ተስማሚ ያልሆነ ብርሃን ንቅሳቱን ወስዶ በቦታው ነጭ ወይም ጥቁር መልክ ሊተው ይችላል።

ወጪውንም በሐቀኝነት አስሉት። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ አንድ ዓመት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባኮ ለሚነሳ መንገዱ ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። የመኪናውና የማደሪያው ወጪ፣ ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ሁሉ ከሕክምናው ዋጋ ጋር ይደመር። ገንዘቡን ከማውጣት በፊት የቆዳ ሐኪም ማማከር ይበጃል፤ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ያገለገለ ነው።

ሌዘሩ ሩቅና ውድ ሲሆን ሰው ወደ ቅርቡ ይዞራል፤ አደጋውም እዚያ ነው። በጨው መፈተግ፣ በባትሪ አሲድ መቀባት፣ በጋለ ብረት መተኮስ በየሰፈሩ ይሰማል። የቆዳችን ጠባይ ይህን አይታገሥም። ጥቁር ቆዳ ሲቆስል ከቁስሉ በላይ የሚያብጥና የሚጠነክር ጠባሳ፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉትን የማውጣት ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። የተጣመመ መስመር ይዞ የገባ ሰው ያበጠ ጠባሳ ይዞ ይወጣል፤ ጠባሳውን ደግሞ ሌዘር በቀላሉ አያነሳውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ማሳደስና በሌላ ሥዕል መሸፈንም የራሳቸው ልክ አላቸው። የእጅ ጉድለት ብቻ ከሆነ፣ ቀለም ያልያዘውን ቦታ ሙያውን የሚያውቅ ነቃሽ ሊሞላው ይችላል፤ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን መታገሥ ግን ግድ ነው። መሸፈን የሚፈልግ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ አዲሱ ሥዕል ከአሮጌው የሰፋና የጠቆረ ካልሆነ አሮጌው ከሥር ብቅ ይላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ለመሸፈኛ የሚሆነው ቀለም ጥቂት ስለሆነ የመጀመሪያውን ስሕተት በትልቅ ስሕተት መለወጥ ቀላል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ ቀለም ግን አይለቀምም። በየትኛውም መንገድ መርፌው አዲስ፣ እሽጉ ፊታችሁ የተከፈተ ይሁን። በአንድ መርፌ በተራ መነቀስ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ንቅሳት ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ከሚባሉት ተርታ ከተቆጠረባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ውቅራት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድድ ሕመም መጀመሪያ የሚታወቀው በመቅላት ነው፤ የጠቆረ ድድ ግን መቅላቱን ይደብቃል። ስትቦርሹ የሚደማ ከሆነ መቅላቱን ሳትጠብቁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ማን ነው የከፋው? ንቅሳቱ እኔን አስከፍቶኛል ወይስ ሌሎች ስላዩት ነው የከፋኝ? የእጅና የሰውነት ጉድለት በመርፌ፣ በሌዘር ወይም በሐኪም መፍትሔ ያገኛል። ሰው አፍ ላይ ያለ ጉድለት ግን ከተነቀሰው ገላ ላይ በሌዘር አይነሳም። የዛሬ 30 ዓመት ውበት ያልነውን ዛሬ ኋላ ቀርነት ብንለው፣ የተለወጥነው እኛ ነን፤ እናቶቹ ያው ናቸው።

ብዙዎቹ እናቶቻችን ሲነቀሱ ሕፃናት ነበሩ። በደስታ፣ ከእኩዮቻቸው እንዳያንሱ ለምነው የተነቀሱ አሉ። ሌሎቹን ግን እናት ወይም አያት ይዛቸው፣ እያለቀሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተነቀሱት። ዛሬ ደግሞ ከተሜ ልጆቻቸው ለሠርግ ወይም ለፎቶ ብለው «እማዬ፣ ይሄን ነገር ብታስጠፊው» ሲሉ እንሰማለን። ፍቅር ይሆናል፤ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሳይጠየቁ መወሰን ነው። ሲነቀሱ ያልተጠየቁ ሰዎች ሲያስጠፉ ይጠየቁ። ማስጠፋት የምትፈልግ እናት ካለች ልጆቿ ወጪውን ይሸፍኑላት፣ መንገዱን አብረዋት ይሂዱ፤ የራሷ ፊት ስለሆነ ማንም «ባህል አጠፋሽ» አይበላት። ይዛው መኖር የምትፈልግም ማንም አያሳፍራት። ሙያው በንጹሕ መርፌ፣ በአዋቂ እጅና ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው ፈቃድ ቢቀጥል ቅር አይለኝም፤ በሕፃን ልጅ ድድና ግንባር ላይ ግን ማብቃት አለበት።

እንግዲህ ያልተመቸው ንቅሳት ያለበት አድማጫችን ይህን ያድርግ። ጉድለቱ ከእጅ፣ ከሰውነት ወይስ ከሰው አፍ እንደመጣ ይለይ። ከሰው አፍ ከሆነ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይነካው ይቆይ፤ ዓመቱ ሲያልፍም ሐሳቡ ካልተለወጠ ያስጠፋ። ከሰውነት ከሆነ ሐኪም ይቅደም። ከእጅ ከሆነ የሚያድስለትን ባለሙያ ከዚህ በፊት በሠራው፣ ከዓመታት በኋላም በታየ ሥራው ይምረጥ። በጨው፣ በአሲድና በእሳት ለሚመጣ ሁሉ ግን መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም።